የካዳኬስ ፀሐይ፣ ከወር እስከ ወር

ካዳኬስ በስፔን ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ በካታሎኒያ ጠረፍ የምትገኝ ነጭ የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ምዕራቡንና ሰሜኑን ተራሮች ዘግተውባታል፤ ፊቷ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ሜድትራኒያን ገብቶ ወደሚያርፍበት ወሽመጥ ነው። በስተሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ካፕ ደ ክሬውስ የሚባለው ድንጋያማ ርእሰ ምድር ወደ ባሕሩ ዘልቆ ይገባል፤ የስፔንና የፖርቱጋል ልሳነ ምድር ወደ ምሥራቅ የሚያበቃው እዚያ ላይ ነው። መኪና ሳይመጣ በፊት ከመንደሯ ወደ ሌላ የባሕር ወደብ በጀልባ መሄድ ተራራውን በበቅሎ ከማቋረጥ ይቀል ነበር። ዛሬም ከሮሰስ ከተማ የሚመጣው አስፋልት ተራራውን ዞሮ ዞሮ ነው የሚያደርሰው። መንገደኛው የመጨረሻዎቹን ኩርባዎች ሲጨርስ ኖራ የተቀቡት ቤቶችና በላያቸው የቆመችው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከታች ይታዩታል። ስለዚህች መንደር ብርሃን ያልተባለ ነገር የለም፤ ሠዓሊውም ባለሆቴሉም ያወራላታል። ብርሃኑ በሰዓት ሲቆጠር ግን ወሬው ከሚለው ይልቅ የተወሳሰበ፣ ደግሞም የበለጠ የሚያስደንቅ ሆኖ ይገኛል።

መንደሯ የምትገኘው ከ42 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። በዚህ ኬክሮስ ላይ በዓመቱ ረጅም ቀን፣ ጁን 21 አካባቢ፣ ፀሐይ ከአድማስ በላይ የምትቆየው 15 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ያህል ነው። ዲሴምበር 21 አካባቢ ግን 9 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ከስድስት ሰዓት በላይ ልዩነት አለ። አዲስ አበባ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ቢያልፍ በጥቂት ደቂቃዎች ነው፤ ሰዓትን ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ መቁጠር ዓመቱን ሙሉ የሚያስኬደውም ለዚህ ነው። ካዳኬስ ላይ እንዲህ ያለው አቆጣጠር አንድ ወር እንኳ ሳይቆይ ይፋለስ ነበር። በአማርኛ አቆጣጠር ሲነገር፣ በጁን አጋማሽ ፀሐይዋ በአገሩ ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ10 ገደማ ወጥታ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ትጠልቃለች። በዲሴምበር ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ትወጣና 11 ሰዓት ከሩብ ሲያልፍ ትሰወራለች።

ልዩነቱ በቆይታዋ ብቻ አያበቃም። በጁን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከአድማስ 71 ዲግሪ ከፍ ስትል በዲሴምበር 24 ዲግሪ ላይ ትቀራለች። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ በበጋው እኩለ ቀን የሚጥለው ጥላ 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን በብርዱ ወራት ግን ከሁለት ሜትር ያልፋል። የካዳኬስ ጎዳናዎች ደግሞ ጠባብ ናቸው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲያልፍ ትከሻ የሚነካካባቸው አሉ። ባለ ሁለት ፎቅ ቤት በዲሴምበር እኩለ ቀን የሚጥለው ጥላ ከ13 ሜትር በላይ ስለሚረዝም፣ በምሥራቅና በምዕራብ አቅጣጫ የተዘረጋ ጠባብ መንገድ በእነዚያ ሳምንታት ፀሐይ ፈጽሞ አያገኝም። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ የምድር ቤት ነዋሪው ፀሐይን የሚያያት በጎረቤቱ ጣሪያ ላይ ነው።

የቀን ርዝመት አንድ ነገር ሲሆን ፀሐይ በእውነት የምታበራበት ጊዜ ሌላ ነው። ሁለተኛውን ለመለካት የተሠራው ጥንታዊ መሣሪያ ከሚቲዎሮሎጂ መሣሪያዎች ሁሉ ምናልባት ውቡ ሳይሆን አይቀርም። ስኮትላንዳዊው ጆን ፍራንሲስ ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1853 የጀመረው፣ የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ጋብርኤል ስቶክስ በ1879 ያሻሻለው ይህ መሣሪያ አሥር ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ድፍን የመስታወት ኳስ ነው። ኳሱ የፀሐይዋን ጨረር ሰብስቦ ከኋላው በተቀመጠ ወፍራም ወረቀት ላይ ያሳርፈዋል፤ ወረቀቱም ይቃጠላል። ፀሐይዋ ስትጓዝ ቃጠሎው እንደ መስመር ይሄዳል፣ ደመና ሲመጣ ይቋረጣል። ማታ ባለሙያው ወረቀቱን አውጥቶ የተቃጠለውን ርዝመት ይለካና የቀኑን የፀሐይ ሰዓት ይመዘግባል። የፀሐይዋ መንገድ ከወቅት ወቅት ስለሚለያይ ወረቀቱም ሦስት ዓይነት ነው፦ ለበጋ ረጅምና ጎበጥ ያለ፣ ለብርዱ ወራት አጭርና ጎበጥ ያለ፣ ቀንና ሌሊት እኩል ለሚሆኑበት ጊዜ ደግሞ ቀጥ ያለ። ዛሬ ሥራውን የኤሌክትሮኒክስ መለኪያዎች ወርሰውታል። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት መስፈርት በቀጥታ የሚመጣው ጨረር በካሬ ሜትር ከ120 ዋት ሲበልጥ «ፀሐይ አለ» ይላል። ገና ከአድማስ ብቅ ያለችው ቀይ ፀሐይ ይህን ያህል ጉልበት የላትም። ቱሪስት ፎቶግራፍ የሚያነሣባቸው የንጋትና የምሽት ደቂቃዎች እንግዲህ በሒሳቡ ውስጥ አይገቡም ማለት ነው።

በዚህ ጠረፍ ረጅም መዝገብ ካላቸው ጣቢያዎች አንዱ ከካዳኬስ ወደ ደቡብ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀው የባርሴሎና አውሮፕላን ማረፊያ ነው። እዚያ በአማካይ በዓመት ወደ 2,600 የሚጠጋ የፀሐይ ሰዓት ይመዘገባል፤ ለንደን 1,600 ገደማ ታገኛለች፣ ማልታ 3,000 አካባቢ ትደርሳለች። የዓመቱ ድምር ለሆቴል ማስታወቂያ ይመቻል እንጂ ስለ ኑሮ የሚናገረው ጥቂት ነው። ወር በወር ሲታይ ግን ነገሩ ይገለጣል። ጁላይ 310 ሰዓት ገደማ ሲኖረው ዲሴምበር 140 እንኳ አይሞላም።

የዲሴምበር ቀን አጭር ስለሆነ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጁላይ የዲሴምበርን አንድ ተኩል እጥፍ ትንሽ ቢያልፍ ነበር። መዝገቡ ግን ከእጥፍ በላይ ነው የሚለው። ቀሪውን ልዩነት የሚያመጣው ደመና ነው። በጁላይ ፀሐይ ልታበራ ከምትችልባቸው 460 ያህል ሰዓታት ሁለት ሦስተኛው ይገኛል፤ በዲሴምበር ሊገኝ ከሚችለው 285 ሰዓት ግን ግማሹ ብቻ። በአትላንቲክ ላይ በአዞረስ ደሴቶች አካባቢ የሚያርፈው ከፍተኛ የአየር ግፊት በበጋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይስፋፋና የዝናቡን ማዕበል ከሜድትራኒያን ያርቀዋል። በብርዱ ወራት ሲሸሽ በሩ ይከፈታል። ረጅሙ ቀንና ጥርት ያለው ሰማይ አንድ ላይ ይመጣሉ፣ አጭሩ ቀንና ደመናውም እንዲሁ። የሜድትራኒያን የአየር ጠባይ ከሌላው የሚለይበት ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ ሰማይና ምድር አንድን ወቅት ለማበልጸግ ሌላውን ለማደህየት ይተባበራሉ። በኢትዮጵያ ደጋ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቀኑ ረዘም የሚልበት ጊዜ ከክረምቱ ደመና ጋር ስለሚገጥም፣ ፀሐይ የሚበዛው ቀኑ አጠር ባለባቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው።

ካዳኬስ ግን ከባርሴሎና የምትለይባቸው ሁለት ነገሮች አሏት፤ ተራራና ነፋስ። ተራራው ይወስዳል፣ ነፋሱ ይሰጣል።

ከመንደሯ በስተምዕራብ ያለው የፔኒ ተራራ ከ600 ሜትር በላይ ይቆማል፤ ባሕሩ ደግሞ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ነው የሚርቀው። አንድ ጋራ ከአድማስ ሰባት ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ከታየ፣ በዚህ ኬክሮስ በዲሴምበር የሚሸፍነው የፀሐይ ጊዜ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይደርሳል። የቀን መቁጠሪያው የፀሐይ መጥለቂያ ብሎ የሚጽፈው ሰዓት እንግዲህ ለተራራ ሥር ነዋሪ አይሠራም። ፀሐይዋ ከተራራው ማዶ ላለው የኤምፖርዳ ሜዳ ገና ሳትጠልቅ ለካዳኬስ ጠልቃለች። በወሽመጡ ምዕራባዊ ዳር ያሉት ቤቶች የጠዋቱን ፀሐይ ቀድመው ያገኛሉ፤ ምሥራቃዊው ዳር ደግሞ ምዕራቡ በጥላ ከተዋጠ በኋላም ጥቂት ይሞቃል። በብርዱ ወራት ካፌ ለመቀመጥ የሚፈልግ ሰው ይህን ካወቀ ከሰዓት በፊት አንዱን ዳር፣ ከሰዓት በኋላ ሌላውን ይመርጣል።

በአንድ በኩል ግን መንደሯ ዕድለኛ ናት። በዲሴምበር ፀሐይ የምትወጣው ከደቡብ ምሥራቅ፣ የምትጠልቀውም በደቡብ ምዕራብ ስለሆነ፣ አጭሩ ጉዞዋ በአብዛኛው ተራራ በሌለበት በባሕሩ ወገን ላይ ያዘነብላል። በጁን ከሰሜን ምሥራቅ ወጥታ በሰሜን ምዕራብ ስለምትጠልቅ ማለዳዋንም ማምሻዋንም ተራራ ይይዝባታል፤ ያኔ ግን አንድ ሰዓት ቢቀነስ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረው።

ነፋሱ ትራሙንታና ይባላል። ከሰሜን፣ ከፒሬኔ ተራሮች ወገን፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ሆኖ ይወርዳል፤ ሲበረታ በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይነፍሳል። ለቀናት ሳያቋርጥ ሲነፍስ ጀልባ አይወጣም፣ መስኮት አይከፈትም፣ ሰውም ይነጫነጫል። የአካባቢው ሰው ፈንገጥ ያለ ጠባይ ያለውን ሰው ነፋሱ ነክቶታል ይላል። ኮሎምቢያዊው ደራሲ ጋብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝ በዚሁ ነፋስ ስም የሰየመው አጭር ልቦለድ ታሪኩ በአብዛኛው የሚፈጸመው ካዳኬስ ውስጥ ነው፤ ነፋሱም እዚያ የሰውን አእምሮ የሚያናውጥ ኃይል ሆኖ ይቀርባል። ይሁንና ይህ የተጠላ ነፋስ ነው በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ሰማዩን የሚጠርገው። ደመናውንም፣ እርጥበቱንም፣ አቧራውንም ይዞት ይሄዳል፤ ከኋላው የሚቀረው አየር የሩቁን ድንጋይ ስንጥቅ ሳይቀር ያሳያል። ከምሥራቅ ባሕር የሚመጣው ሌቫንት ተቃራኒው ነው። ለዘብ ያለ ነው፣ ግን እርጥብ ነው፤ ሲመጣ ግራጫ ሰማይ፣ ዝናብና ከባድ ማዕበል ይዞ ይመጣል። የካዳኬስ ሰው በብርዱ ወራት ምርጫው ይህ ነው፦ ወይ ፀሐይ ከነብርዱ፣ ወይ ለዘብ ያለ አየር ከነጭጋጉ። ሁለቱን በአንድ ቀን የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው።

ከማርች ጀምሮ ለውጡ ይፈጥናል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ቀኑ በየዕለቱ ሦስት ደቂቃ ገደማ ይጨምራል፤ በሳምንት ሃያ ደቂቃ ማለት ነው። ባሕሩ ግን ወደኋላ ይቀራል፤ ውኃው በጣም የሚቀዘቅዘው ልክ በዚህ ጊዜ ነው። በኤፕሪል ፀሐይዋ የኦገስት መጨረሻን ያህል ከፍ ብላ ሳለ የባሕሩ ውኃ በ13 እና በ14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሆናል። ብርሃን አይቶ ዘሎ የሚገባ እንግዳ ቶሎ ይወጣል።

በጋው ሲመጣ ጥያቄው ይገለበጣል፤ ፀሐይን መፈለግ ይቀርና ከፀሐይ መሸሽ ይጀመራል። በብርዱ ወራት ፀሐይ የነፈጉት እነዚያው ጠባብ ጎዳናዎች አሁን ጥቅም ይሰጣሉ። ኖራው ጨረሩን ይመልሳል፣ ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ሙቀቱ ወደ ቤት እንዳይዘልቅ ያዘገያል፣ የመስኮት መዝጊያዎች እስከ ማታ አይከፈቱም። መንደሯ የተሠራችው ለጁላይ ነው፤ የዲሴምበር ነዋሪዋ ለዚያ ዋጋ ይከፍላል።

የበጋው ምሽት ከሚገባው በላይ የሚረዝመው በሰማይ ሥራ ብቻ አይደለም። ስፔን በኬንትሮስ ከብሪታንያ ጋር የምትስተካከል አገር ሆና ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 1940 በፍራንኮ መንግሥት ውሳኔ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት ገፍታ ከማዕከላዊ አውሮፓ ጋር አስተካከለች፤ እስከ ዛሬም አልመለሰችውም። በበጋ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመራል። በዚህ የተነሣ በጁን የካዳኬስ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው በስድስት ሰዓት ሳይሆን ከቀኑ 7 ሰዓት ከ49 ላይ ነው። ስፔናውያን ምሳቸውን በ8 ሰዓት መብላታቸው እንግዳን ያስገርማል፤ በፀሐይዋ ሲለካ ግን እንደማንኛውም ገበሬ ልክ እኩለ ቀን እንዳለፈ ነው የሚበሉት። ካዳኬስ ደግሞ በአገሪቱ ምሥራቃዊ ዳር ስለሆነች ከዚህ መዛባት የደረሳት ከአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ያነሰ ነው። በምዕራብ ጫፍ ባለችው ጋሊሲያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከዚህ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነው።

ምሥራቃዊነቷ ሌላም ዝና አምጥቶላታል። ሳልቫዶር ዳሊ እ.ኤ.አ. በ1930 ከካዳኬስ ትንሽ ራቅ ብላ በምትገኘው ፖርት ሊጋት አንዲት የዓሣ አጥማጅ ጎጆ ገዝቶ ለብዙ አሥርት ዓመታት እያስፋፋ ኖረባት። የመጀመሪያው የፀሐይ ጨረር ተንጸባርቆ አልጋው ድረስ እንዲመጣለት መስታወት አቁሞ ነበር፤ ከስፔናውያን ሁሉ ፀሐይን ቀድሞ የሚያይ እሱ መሆኑንም ይናገር ነበር። ዳሊ ከተናገራቸው ነገሮች ብዙዎቹን በጥርጣሬ መስማት ይገባል፤ ይህኛው ግን ግማሹ እውነት ነው። የሜኖርካ ደሴት ከካፕ ደ ክሬውስ በአንድ ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ትርቃለች፤ ስለዚህ በብርዱ ወራት ፀሐይ ቀድማ የምትወጣው ለሜኖርካ ነው፣ በዲሴምበር ወደ 12 ደቂቃ ያህል። በበጋ ግን ሰሜን በሄዱ ቁጥር ቀኑ ስለሚረዝምና ፀሐይም ቀድማ ስለምትወጣ፣ ስሌቱ ይገለበጣል፤ በጁን ካፕ ደ ክሬውስ ሜኖርካን በአራት ደቂቃ ገደማ ይቀድማል። ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ኦገስት አጋማሽ ዳሊ ልክ ነበር፣ በቀረው ጊዜ ተሳስቷል። በጃንዋሪ 1 ንጋት የአዲሱን ዓመት የመጀመሪያ ፀሐይ ለማየት በካፕ ደ ክሬውስ መብራት ቤት የሚሰበሰበው ሕዝብም ከሜኖርካ በኋላ ነው የሚያያት።

ይህን ሁሉ ብርሃን ፍለጋ የመጡት ሠዓሊዎች ያደረጉበት ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። ዳሊ የካፕ ደ ክሬውስን ቋጥኞች ከነጥላቸው በሥዕሎቹ ውስጥ ደጋግሞ አስቀምጧቸዋል። ፓብሎ ፒካሶ ግን የ1910ን በጋ በካዳኬስ ሲያሳልፍ የሠራቸው ሥዕሎች ከቡናማና ከግራጫ ብዙም አይወጡም፤ በሜድትራኒያን ፀሐይ መካከል ቀለምን ትቶ ቅርጽን ሲሰባብር ከረመ።

ፀሐይ ለእርሻው የነበራት ዋጋ ከሁሉ ይበልጥ ነበር። የመንደሯ ዙሪያ ኮረብታዎች ከሥር እስከ ጫፍ በእርከን የተከረከሙ ናቸው፤ እንደ ኮንሶ እርከኖች ጭቃ ሳይገባ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የተሠሩ። ጥቁሩ ድንጋይ ቀን ሙቀት ይዞ ሌሊት ለሥሩ ይሰጣል፣ ወደ ደቡብ ያዘነበለው እርከን ደግሞ ዝቅ ያለችውን የብርዱን ወራት ፀሐይ ፊት ለፊት ይቀበላል። በነዚህ እርከኖች ላይ የነበረው ወይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ፊሎክሴራ የሚባለው የወይን ሥር የሚበላ ነፍሳት ከፈረንሳይ ተሻግሮ ኤምፖርዳ ገባ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ወይኑን አጠፋው። ገበሬው ወይራ ተከለ። በፌብሩዋሪ 1956 ደግሞ ያልታሰበ ከባድ ውርጭ መጥቶ ብዙውን ወይራ አደረቀው። ፀሐይ የበዛበት አገር ከውርጭ አያመልጥም፤ ሰማይን የሚያጠራው የሰሜን አየር ራሱ ነው ብርዱን ይዞ የሚመጣው። ከዚያ በኋላ አብዛኛው እርከን ሳይታረስ ቀረ። ዛሬ ቁጥቋጦ ቢወርሳቸውም ፀሐይ ዝቅ ስትል ጥላቸው እያንዳንዱን ካብ አጉልቶ ስለሚያሳይ፣ ኮረብታው ምን ያህል የሰው ጉልበት እንደፈሰሰበት ለማየት የሚመረጠው ጊዜ የበጋው እኩለ ቀን ሳይሆን የኖቬምበር ማለዳ ነው።

የባሕሩ ሥራ ግን ፀሐይን የሚሸሽ ነበር። አንቾቪና ሰርዲን የሚጠመዱት ጨረቃ በሌለባቸው ሌሊቶች ነው፤ ጀልባው ላይ እሳት ይነድና ዓሣው ወደ ብርሃኑ ይሰበሰባል። ቀድሞ የሚነደው እንጨት ነበር፣ በኋላ ማሾ መጣ፣ ከዚያም ኤሌክትሪክ። አጭሩ የጁን ሌሊት ለዚህ ሥራ የሚተወው ጊዜ ትንሽ ነው፤ ንጋቱም ማምሻውም ከኢትዮጵያ ይልቅ ረዘም ስለሚል እውነተኛው ጨለማ ከሌሊቱ ያጠረ ይሆናል።

በሴፕቴምበር የፀሐይ ሰዓቱ ወደ 220 ይወርዳል፤ ባሕሩ ግን በዚህኛውም በኩል ወደኋላ ይቀራል፣ የበጋውን ሙቀት እንደያዘ ነው። ከላይ ቀዝቃዛ አየር ሲመጣ ከሞቀው ውኃ የሚነሣው እርጥበት ድንገተኛ ዶፍ ይሆናል፤ በዚህ ጠረፍ ከፍተኛው ዝናብ የሚወርደው በመኸር መሆኑም ከዚህ የተነሣ ነው። የኦክቶበር ፀሐይ ለስለስ ያለች፣ ቀኖቿም ሊተማመኑባቸው የማይቻሉ ናቸው፤ አንዱ ቀን ለመዋኘት የሚያበቃ፣ ማግስቱ ጎዳናውን ወንዝ የሚያደርግ። በወሩ የመጨረሻ እሑድ ሰዓቱ ወደኋላ ይመለሳል። ቅዳሜ ማምሻውን 1 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲሆን የጠለቀችው ፀሐይ እሑድ 12 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ ትጠልቃለች፤ ተራራው የሚወስደው ሲቀነስ ደግሞ የወሽመጡ ምዕራባዊ ዳር 11 ሰዓት አለፍ እንዳለ በጥላ ውስጥ ነው። በባሕሩ ዳር ከተደረደሩት ምግብ ቤቶች ብዙዎቹ በዚሁ ሰሞን ወንበራቸውን አንሥተው እስከ ፀደይ ይዘጋሉ።